ያልገባሁበት ባሕር

ባለቤቴ የአሰብ ልጅ ነው። አባቱ ወደብ ላይ ክሬን ይነዱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ነዳ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአሰብ ከወጣ ወዲህ ተመልሶ አላያትም። እኔ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ወደ አሰብ የሚወርዱት ተሳቢ መኪኖች በደጃችን ያልፉ ነበር እንጂ ባሕር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ሁለት ልጆች አሉን። የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ክረምት ልጅቷ ዐሥራ አንድ፣ ልጁ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

በዚያ ዓመት፣ በሁዳዴ መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቴን ሆዱን ያመው ጀመር። ጨጓራ ነው ብለን በጾሙ አሳበብን። ፋሲካም አለፈ፣ ሕመሙ ግን አላለፈም። ተመርምሮ ቆሽቱ ላይ ካንሰር እንዳለ ነገሩን። መድኃኒት ጀመረ። ጁላይ ላይ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኛ ሳብ አድርጎ፣ መድኃኒቱ እንዳልያዘለትና ማቆሙ እንደሚሻል ነገረን። ባለቤቴ ስንት ጊዜ ቀረኝ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ በዓመት ሳይሆን በወራት እንደሚያስብ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። በእንግሊዝኛ ስለሰማሁት ምናልባት በደንብ አልገባኝ ይሆናል ብዬ የባለቤቴን ፊት አየሁ። ገብቶኝ ነበር።

ለልጆቹ የነገርናቸው የጨጓራ ቁስል መሆኑን ነው። ከሐኪሙ ጎን የተቀመጠችው ነርስ ይህን ስትሰማ፣ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ከወላጆቻቸው አፍ ቢሰሙ እንደሚሻል መከረችን። ለልጅ እንዴት እንደሚነገር የሚያስረዳ ቀጭን መጽሐፍም ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ከነጠላዎቼ ሥር ከተትኩት። እኛ ያደግንበት አገር መርዶ ለትልቅ ሰው እንኳ ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ይጠበቃል። እኔ ታዲያ ለስምንት ዓመት ልጅ ቁርሱን እየበላ ምን ብዬ ልንገረው? ባለቤቴ መንገሩን ይፈልግ ነበር። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

በመጨረሻ የተስማማነው በእሱ ሐሳብ ነው። ልጆቹን ባሕር ልውሰዳቸው አለ። ባሕር ዳር ወስዶ አይስክሬም መግዛቱን አልነበረም የሚለው፤ በጀልባ ገብተው፣ ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ከሥር ያለውን እንዲያዩ ነበር የፈለገው። እሱ በልጅነቱ እንዳየው። አብሮት የሚሠራ ሾፌር በደቡብ ጠረፍ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ተጎታች የሽርሽር ቤት ነበረውና ለአራት ቀን ቁልፉን ሰጠን። ሦስቱን ቀን ይጫወቱ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ከመመለሳችን በፊት፣ ቁጭ አድርገን እንነግራቸዋለን ተባባልን።

ልጁ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችንን አጥለቀለቀው። ባለቤቴ የውኃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ገዝቶለት ስለነበር መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ይውላል። አባትየው የሽንት ቤቱን መቀመጫ ክዳን ዘግቶ እላዩ ላይ ይቀመጥና፣ በአፉ ብቻ እንዲተነፍስ፣ ቱቦው ውስጥ ውኃ ሲገባበት ሳይደነግጥ "ቱፍ" ብሎ እንዲያስወጣው ያስተምረዋል። እኔ ከሥራ ስመለስ፣ ያኔም አሁንም ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ የሁለቱን ሳቅ ከደረጃው እሰማ ነበር። ከደረጃው ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር የምገባው።

ልጅቷ ግን ዝም አለች። ያቺ ቤቱን በወሬ የምትሞላ ልጅ በዚያ ሰሞን ቃል ተወደደባት። የጓደኛዋ የልደት በዓል ላይ አልሄድም አለች። ከእንቅልፏ ቀድማን ተነሥታ ለአባቷ ሻይ ታፈላለች፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች። ሴፕቴምበር ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልትገባ ስለነበር፣ ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ "አባትሽ ታሞ ሳለ እንዲህ ፊትሽን ስታጠቁሪበት ደስ ይለዋል?" ብዬ ተቆጣኋት። ቀና ብላ አየችኝና "ሶሪ፣ እማዬ" አለች። ይቺን ቃሌን መልሼ መዋጥ ብችል ኖሮ።

በኦገስት አጋማሽ፣ ፍልሰታ ይዤ ሳለ፣ ከዋተርሉ ባቡር ተሳፍረን ሄድን።

ባለ ጀልባዋ ስድሳ ያለፋት፣ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ክንዷ እንደ ወንድ የጠነከረ ሴትዮ ነበረች። ቤተሰቦችን ይዛ ወደ አንድ የተከለለ የባሕር ጥግ ትወስዳለች፤ እዚያ ድንጋዩ ማዕበሉን ስለሚይዘው ውኃው ረጋ ያለ ነው። ለልጆቹ ከላስቲክ የተሠራውን ጥቁር የዋና ልብስ አለበሰቻቸው። ለእኔ ደግሞ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬት አስራልኝ፣ እጄ ከጀልባው ዳር እንደማይላቀቅ ስታይ፣ ገመዱን እንድይዝ ሰጠችኝ። ገመዱ ምንም የሚያደርገው ነገር እንዳልነበረ ኋላ ነው ያወቅሁት። እጄ የሚይዘው እንዲያገኝ ብላ ነበር።

ልጁ ሲገባ ብርዱ አስጮኸው። ከዚያ ፊቱን ነከረ። ከዚያ ደግሞ በቱቦው ውስጥ መጮኽ ጀመረ። ቃል አይደለም፤ እንደ ጥጃ ያለ ድምፅ ነው። ቀና ብሎ ቱቦውን ከአፉ አወጣና ጀርባው ላይ ሣር የበቀለበት ሸርጣን አየሁ አለ። ባለ ጀልባዋ እውነቱን መሆኑን ነገረችን። እግሮቹ እንደ ሸረሪት የረዘሙ ሸርጣን አለ፣ ጠላት እንዳያየው የባሕር አረም እየቆረጠ ጀርባው ላይ ይተክላል አለች። ልጁ ይህን ሲሰማ ወደ አባቱ ዞሮ፣ "አባዬ፣ ሰምተሃል? ራሱ ነው የሚተክለው" አለ።

ባለቤቴ በጀልባው ጠርዝ ላይ ደረቱን አስደግፎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እያንዳንዷን ነገር ይቀበላቸው ነበር። አሸዋ መስሎ አሸዋ ውስጥ የተኛ፣ ሁለት ዐይኑ ብቻ የሚታይ ዓሣ። አበባ የሚመስል፣ ሲነኩት ግን የሚኮማተር እንስሳ። በሰውነቱ ላይ ቡናማ መስመር የተሰመረበት ጄሊፊሽ፤ ይሄኛውን ባለ ጀልባዋ ይለበልባችኋል፣ ራቁ አለቻቸው። ኮከብ ዓሣ ሲያገኙ አንዱ ክንዱ አጭር ነበርና ልጁ አዘነለት። ባለቤቴ፣ የተቆረጠው ክንዱ መልሶ እያደገለት እንደሆነ ነገረው። አሰብ እነሱ ሰፈር የነበረው ውኃ እንደ ሻይ ሞቅ ያለ እንደነበር፣ ዓሣውም ቀይና ቢጫና ሰማያዊ፣ እንደዚህ ግራጫ እንዳልነበረ ተረከላቸው። ብዙዎቹን በዐረብኛ ስማቸው ነበር የሚያውቃቸው፤ አንዳንዶቹ ጠፍተውበት ዐይኑን ጨፍኖ ሲፈልግ አየሁት።

ልጅቷም ውኃ ውስጥ ስትገባ እንደ ድሮዋ ሆነች። ወንድሟን እጁን ይዛ ትመራዋለች፣ ጣቷን ወደ ታች ትጠቁማለች። በዚያ ሰሞን መጀመሪያ የሳቀችው ያን ቀን ነው። አየህ፣ ልጅ ናት፣ ምንም አልገባትም፣ እንኳን አልነገርናት ብዬ በሆዴ ባለቤቴን የረታሁ መሰለኝ።

በማግሥቱም እዚያው ሄድን። ጀልባዋ መልሕቋን እንደጣለች ባለቤቴ ብርድ ልብሱን አውልቆ አስቀመጠ። ከሥሩ ጥቁሩን የዋና ልብስ ለብሷል። ጠዋት እኔ ገላዬን ስታጠብ ከሱቅ ተከራይቶ መጥቶ ነበር። የእሱ ቁመት ያለው ሰው የሚለብሰው ልብስ እላዩ ላይ እጥፋት ሠርቶ ተንጠልጥሏል።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ አይሆንም አልኩት። ነርሷ ከብርድ ተጠንቀቅ ብላዋለች፣ ትላንት እንኳ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ አርፏል። እስክጨርስ ሰማኝና፣ "ዛሬ አትከልክይኝ" አለኝ። እየተለማመጠ አልነበረም። ድምፁ ውስጥ ቁጣም አልነበረም። ብርድ ልብሱን አጥፌ ያዝኩለት።

ባለ ጀልባዋ የተንሳፋፊ ቀለበት ገመድ ወገቡ ላይ አሰረችለት። በመሰላሉ አንድ ባንድ እየረገጠ ወረደ። ልጆቹ አንዱ በቀኝ አንዷ በግራ ያዙት። ሦስቱም ፊታቸውን ነከሩ፤ ከውኃው በላይ የሚታየኝ ሦስት ቱቦና ሦስት ጥቁር ጀርባ ብቻ ሆነ። መሐል ያለው ቱቦ ውስጥ የሚወጣውን ትንፋሽ አዳመጥኩ። እንደ ፈራሁት አልተቆራረጠም። እግሮቹ ቀስ ብለው ይቀዝፋሉ። በሆስፒታል ኮሪደር ተደግፎ የሚሄደው ሰው አልነበረም። እኔ ከማውቀው ቀድሞ የነበረ ሰው ነበር፤ እኔ ያላየሁት ልጅ።

ቀና ሲል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ፊቱ ግን በርቷል። ፈልጎ አየኝና፣ "ነይ ግቢ" አለኝ። "አንዴ ብቻ ፊትሽን ነክረሽ እዪው። እኔ እይዝሻለሁ።"

ውኃ እፈራለሁ። ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር። ከመምጣታችን በፊት ባለው ቅዳሜ ኪልበርን ሄጄ ሹሩባ ተሠርቼ ነበር፤ ግማሽ ቀን ተቀምጬ። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ጸጉሬ ነው። ሰው ሊያፍርበት የሚገባው ነገር ይህ ነው ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

"ነገ" አልኩት። "እመቤቴን፣ ነገ እገባለሁ።"

ሳቀ። "እሺ፣ ነገ" አለና መነጽሩን መልሶ አወረደ።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ባለ ጀልባዋና እኔ ብብቱን ይዘን አወጣነው። ፎጣ ላይ ፎጣ ደራረብንበት፣ ትኩስ ሻይ በሁለት እጁ ያዘ፤ ጥርሱ ከኩባያው ጋር ይጋጭ ነበር። ደስተኛ ነበር። ልጆቹ መልሰው ገቡ።

ጥቂት ቆይቶ ልጁ ከአረሙ መሐል ብቅ አለና ወይን አገኘሁ፣ ጥቁር ወይን ባሕር ውስጥ በቅሏል ብሎ ጠራን። ልጅቷ እውነቱን ነው አለች። ከአረሙ ተበጥሳ የምትንሳፈፍ አንዲት ዘለላ ነበረችና ባለ ጀልባዋ በመረብ አንሥታ፣ የባሕር ውኃ በሞላ ነጭ ሳፋ ውስጥ አኖረቻት። ልጆቹ ወጥተው በሳፋው ዙሪያ ተንበረከኩ። እውነትም ወይን ይመስላል። ሴትዮዋ ግን እንቁላል ነው አለች፤ ከኦክቶፐስ ዘመድ የሆነ፣ ከትልፊሽ የሚባል፣ ቀለሙን እንደፈለገ የሚለዋውጥ እንስሳ እንቁላል። አንዱ ፍሬ ቆዳው ሳስቶ ነበርና ወደ ብርሃን አዞረችው። ውስጡ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ፣ ሙሉ ሆኖ የተሠራ ነፍስ ያለው ነገር አለ። ዐይን አለው። ይንቀሳቀሳል። ልጁ ትንፋሹን ዋጠ።

ከዚያ እናታቸው የት እንዳለች ጠየቀ።

ሴትዮዋ መለሰችለት። እንግሊዝኛዋ የጠረፍ ሰው እንግሊዝኛ ስለነበር ግማሹ አመለጠኝ። እንደ ሁልጊዜው ወደ ልጄ ዞሬ፣ "ምን አለች?" አልኳት። ለትምህርት ቤቱም፣ ለካውንስሉም፣ ለሰፈሩ ሐኪም ለጂፒውም፣ ለሁሉም ነገር ምላሴ እሷ ነበረች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ።

"እንቁላሉን ከጣሉ በኋላ ይሞታሉ አለች" አለችኝ። "እናትየዋም፣ አባትየውም። ልጆቹ ሲወጡ ማንም የለም። ግን መደበቅም ማደንም ራሳቸው ይችላሉ፣ አትዘኑላቸው አለች።"

ይህን ስትተረጉም ዐይኗ ሳፋው ላይ ነበር። ቀና አላለችም። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ አሁንም የምትተረጉም በሚመስል ድምፅ፣ "እማዬ፣ እኔ አውቃለሁ" አለችኝ። "አባዬ እንደሚሞት አውቃለሁ።"

ባለቤቴ ኩባያውን አስቀመጠ። ልጁ ከሳፋው ቀና ብሎ አንድ በአንድ አየን።

ባለቤቴ ነው ቀድሞ የተናገረው። ነይ ወደዚህ አላት። ሄዳ ፎጣው ውስጥ ገባች፤ ሁለቱም ርጥብ፣ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። እዚያው ሆና ነገረችው። ጁላይ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ፣ እኔ ሥራ፣ እሱ እንቅልፍ ላይ ሳለን፣ ደብዳቤ መጣ። እሷ ደግሞ ቤታችን የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ትከፍታለች፤ ያስለመድናት እኛ ነን። ከሆስፒታሉ ለጂፒው የተጻፈ፣ ለእኛም ግልባጭ የተላከ ነበር። አንድ የማታውቀው ቃል ስላገኘች ትርጉሙን በስልኳ ፈለገች። ከዚያ ደብዳቤውን በታጠፈበት አጥፋ፣ በትምህርት ቤት ሙጫዋ መልሳ አሸገችውና ከበሩ ሥር አስቀመጠችው። እኔ ነበርኩ ከሥራ ስመለስ ያነሣሁት። አስታውሳለሁ። የጥግ ማሸጊያው ወፍራም መሆኑን እንኳ ልብ ብዬ ነበር።

አምስት ሳምንት። አምስት ሳምንት ሙሉ ይህን ይዛ ስታድር፣ እኔ ፊትሽን አታጥቁሪ እላት ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጠየቅኋት። ጥያቄው ከአፌ ሲወጣ ለማን እንደሚገባ ሰማሁት። እሷ ግን ልጅ ናትና በቅንነት መለሰችልኝ።

"አንቺ የማታውቂ መስሎኝ ነበር" አለች። "ስትስቂ ስለማይሽ።"

ባለ ጀልባዋ ቋንቋችንን ባትሰማም የሆነውን ተረድታለች። ተነሥታ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ሄደችና ጀርባዋን ሰጥታን፣ የተጠቀለለ ገመድ ፈትታ እንደገና ትጠቀልል ጀመር። ደጋግማ።

ልጁ እስካሁን ተንበርክኮ ነበር። "እውነት ነው?" አለ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባቱ።

"እውነት ነው" አለው ባለቤቴ። ጥርሱ መጋጨቱን አላቆመም ነበር፤ ቃሉን አንድ ባንድ እየያዘ ነው ያወጣው። የጨጓራ ቁስል እንዳልሆነ፣ ሐኪሞቹ ማዳን እንዳልቻሉ፣ ማንም ጥፋት እንዳላጠፋ ነገረው። ያቺ ነርስ የሰጠችኝን መጽሐፍ ፈልጎ አግኝቶ አንብቦት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ልጁ እስከ ገና ትቆያለህ ወይ አለው። ባለቤቴ አላውቅም አለ። ልጁ የሳፋውን ጠርዝ ያዘ። ከዚያ፣ "ነገ ግን ጀልባው አለ?" ብሎ ጠየቀ። አባቱ አለ አለው።

ያኔ አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ባለቤቴም፣ ልጅቷም ስቅስቅ አሉ፤ ልጁ ብቻ ዐይኑ ደርቆ ሳፋውን እያየ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ስትመለስ ምንም አልጠየቀችም። እንቁላሎቹ ውኃ ውስጥ ቢመለሱ ይሻላል ብቻ አለችው። እሱ ራሱ ሳፋውን ዘንበል አድርጎ ቀስ ብሎ አፈሰሳቸው። እስኪሰወሩ ድረስ ተደፍቶ አየ።

በማግሥቱ ነፋስ ተነሣ። ባለ ጀልባዋ ማለዳ ደውላ ባሕሩ ስለተቆጣ ማንም እንደማይወጣ፣ በጣም እንዳዘነች ተናገረች። ቀኑን ሙሉ በተጎታቹ ቤት ውስጥ ዋልን። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ልጆቹ ያዩትን ሁሉ ወረቀት ላይ ሣሉ፣ ባለቤቴ አብዛኛውን ተኛ። ከሰዓት በኋላ ነቅቶ በመስኮቱ የሚነሣውን ማዕበል ሲያይ አየሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ትላንቱ ቃሌ አንሥቼ ይቅር በለኝ ልለው ፈልጌ ነበር። እሱ ቀድሞ እጄን ያዘኝ። የተናገረው ስለ ልጅቷ ነው፤ ደብዳቤ መክፈቱን ከእንግዲህ እንዳታስይዢያት፣ እንግሊዝኛሽን ተማሪ አለኝ። እሺ አልኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ለልጆቹ ልንነግራቸው ባሰብንበት ሰዓት ሻንጣ አዘጋጅተን ወደ ባቡር ጣቢያ ሄድን።

ባለቤቴ ባሕር የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አላየም። ሴፕቴምበር ውስጥ አልጋ ላይ ዋለ። ልጅቷ አዲሱን ትምህርት ቤት ጀመረች፤ ዩኒፎርሟን ለብሳ መጀመሪያ አልጋው ዘንድ ሄዳ ነው ያሳየችው። ክራቫቷን እሱ አሰረላት። ኖቬምበር ውስጥ በአንድ እሑድ ጠዋት፣ ሁለቱም ልጆች ባሉበት፣ ቤታችን ውስጥ ዐረፈ። ቤቱ በሰው ሞላ። ከካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ የሚኖሩ የአሰብ ሰዎች መጡ፤ ከእሱ ጋር አንድ ትምህርት ቤት በአማርኛ የተማሩ፣ ዛሬ ኤርትራውያን የሆኑ፣ ጸጉራቸው የሸበተ። እርስ በርሳቸው ስለ ወደቡ ያወሩ ነበር። እኔ የማላውቃቸውን የሰፈር ስሞች ይጠራሉ። ስለ ባለቤቴ ከማውቀው ይልቅ የማላውቀው ይበዛል ብዬ አሰብኩ። ነይ ግቢ ያለኝ ያን ሊያሳየኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ነገ ብዬው ነበር።

እንግሊዝኛ መማር ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከፋብሪካ ፈረቃዬ በኋላ። ደብዳቤ ሲመጣ ቃል ካልገባኝ መምህሬን እንጂ ልጄን አልጠይቅም። ያቺን ልጅ ግን ይቅርታ መጠየቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ላይ ፎቁ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በዚያ ክረምት ስላልነገርኳትም ስለተቆጣኋትም ይቅር በይኝ አልኳት። በመስኮት እያየች ኦኬ ነው እማዬ አለች። ቀጥላ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ሌላ ነገር ካለ፣ የዚያኑ ቀን ንገሪኝ።"

ቃል ገባሁላት።

ባለፈው ወር ደም ተመርምሬ ነበር፤ ጂፒዬ ስኳሬ ወሰኑ ላይ እንደደረሰ ነገረችኝ። ገና በሽታ አይደለም፣ ጣፋጭ ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ ነው ያለችኝ። ቤት ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ልጄ ክፍል ሄድኩ። የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ጂፒ ዘንድ እንደነበርኩ፣ ምን እንዳለችኝ፣ አንድም ሳልቀንስ፣ አንድም ሳልጨምር ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። መድኃኒት አለው ወይ አለች፤ አያስፈልገውም አልኳት። መቼ እንደገና ትመረመሪያለሽ አለች፤ ነገርኳት፣ ቀኑን ስልኳ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በአባቷ ቀብር ዕለት ያላለቀሰችው ልጅ፣ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች። ምንም አይደለም እኮ ልጄ፣ ትንሽ ነገር ነው አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ስለነገርሽኝ ነው።"

ካፖርቴን እንደለበስኩ አጠገቧ ተቀመጥኩና አቀፍኳት። ልጁ ከሳሎን ምን ሆናችሁ እያለ ይጠራን ነበር። ና፣ አንተም ና፣ እነግርሃለሁ አልኩት።